የምስጢሩ ቲተር

ስህን ቲተሩን አንስታ የከብት ክትባት ደብዳቤ ላይ ደቅ ስታደርገው ባድሩ የመዝገብ ቤቱን በር ተደግፎ ቆሞ ነበር። "ጥብቅ ምስጢር" የሚለው ቀይ ጽሑፍ "የፊታችን ሐሙስ ከብቶቻችሁን ይዛችሁ እንድትቀርቡ" የሚለው መስመር ላይ ተጋደመ። ስህን ቀኑን በእጇ ጻፈችበት፣ ቁጥር ሰጠችውና ወደ ቀጣዩ ደብዳቤ አለፈች። ቀጣዩ የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ የሠርግ ፈቃድ ጥያቄ ነበር። እሱም ጥብቅ ምስጢር ሆነ።

"ስህንዬ፣ ዛሬን እንኳ ብትተዪው ምናለበት?" አላት ባድሩ።

ባድሩ የእርዳታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ኃላፊ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው። ስህንዬ የሚላት አንድ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን "የመዝገብ ቤቷ" ናት።

"ምኑን ነው የምተወው?"

"ይሄን ቲተር ነዋ። በአራት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርበሽ ስለ ምስጢር ልትመሰክሪ ነው። እዚህ ደግሞ የላም ክትባት ላይ..."

"ሌላ ስጠኝና ልተወው። የገቢ ቲተር ይሠራልን ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩ። አራት ጊዜ! መልሱን ላሳይህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"የምታውቅ አትመስልም። 'አሮጌው ስለመጥፋቱ የፖሊስ ማስረጃ ይቅረብ' ነው የሚለው። ፖሊስ ጋ ሄድኩ። 'መዝገባችን በጦርነቱ ስለተቃጠለ ስለጠፋ ነገር ማስረጃ አንሰጥም' አሉኝ። እሱን ብጽፍላቸው 'ፖሊስ ማስረጃ ለመስጠት አለመቻሉን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ይቅረብ' አሉ። ይኸው እዚህ አለ፣ ፋይል ተደርጓል።"

"እሱም ላይ መተሻል አይደል?"

"ገቢ ደብዳቤ አይደለም እንዴ? መታሁበት።"

ባድሩ በሩን ዘጋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ የምትጠየቂው ሦስት ነገር ነው። ሰነዱን ታውቂዋለሽ? አውቀዋለሁ። ያረፈበት የምስጢር ምልክት ነው? ነው። ማን መታው? እኔ። አለቀ። በስድስት ሰዓት ቤትሽ ነሽ።"

"ሌላ ነገር ብናገርስ?"

"የምስጢር ምልክት ያለቦታው መጠቀም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ስህንዬ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተሻል። ሁለቱ ልጆችሽ ደሴ ኮሌጅ ናቸው። እኔ ክፉሽን አልፈልግም።"

ክፉዋን እንደማይፈልግ ሰባት ወር ሙሉ ነግሯታል። ስህን ቲተሩን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ በ2014 ሐይቅ ከተማን ረግጦ ሲያልፍ ጽሕፈት ቤቱን ባዶ ቅርፊት አድርጎት ሄደ። ወንበር የለ፣ ኮምፒዩተር የለ፤ የመስኮት ፍሬም ሳይቀር ተነቅሏል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ቲተሮች፣ ገቢውም ወጪውም ግልባጩም፣ የት እንደገቡ አልታወቀም። የተረፈው ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ቁልፉ ጠፍቶ ማንም ከፍቶት የማያውቅ የብረት ካዝና ብቻ ነበር። ዘራፊዎቹ ወርቅ ያለበት መስሏቸው ግቢ ድረስ ጎተቱትና በጥይት ደብድበው ከፈቱት። ያገኙት ባለ እንጨት እጀታ ቲተርና በስቴንስል የተባዛ አንድ መመሪያ ነው። ሁለቱንም ሣር ውስጥ ወረወሯቸው። ስህን ከስደት ተመልሳ የጎረቤት በጎች ከግቢው ስታባርር ነው እግሯ ሥር ያገኘቻቸው።

ብዙ ሳይቆይ ደብዳቤ እንደ ጎርፍ መጣ። ገቢ ያልተመታበት ደብዳቤ ቁጥር አያገኝም፤ ቁጥር የሌለው ለኃላፊ አይቀርብም፤ ኃላፊ ያልመራው ወረቀት ደግሞ መጋዘን አያስከፍትም። በር ላይ ሰው ዱቄት ይጠብቃል። የዚያን ጊዜው ኃላፊ አቶ አብዱልሃሚድ ቲተሩን ከእጇ ተቀብሎ አገላበጠና ሳቀ። "ሰው እየተራበ ነው ስህን። የገቢው እስኪመጣ በዚህ ምቺው" አላት። መታች። የገቢው አልመጣም። የሳሙና ጥያቄ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ የሴቶች ቀን ጥሪ፣ ሁሉም ጥብቅ ምስጢር ሆነ። ሠራተኛው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ማየቱንም ተወው።

በመስከረም 2015 ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ዝርዝር መጣ። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ቆርቆሮ ስለመታደሉ የሚገልጽ፣ የመቶ አርባ ሰው ስም ያለበት፣ በእያንዳንዱ ስም ፊት የጣት አሻራ ያረፈበት ዝርዝር ነው። ስህን እንደወትሮዋ መታችበት። አቶ አብዱልሃሚድ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ከስሞቹ አንዱ ራሱ ቃሬዛ ተሸክሞ የቀበረው ሰው ነበር። ለበላዮቹ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

ሲቸግረው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ወደ ቅሬው ሄደ። የሰፈሩን ሞት የሚያውቅ እንደ ቅሬ ያለ የለም፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው እሱ ነው። ለቀብር የቀረ ስለሚቀጣ በስብሰባው ሁሉ ስም ይጠራል፣ ያለ ሰው "አለሁ" ይላል። አቶ አብዱልሃሚድ ዝርዝሩን ለቅሬው ጸሐፊ ለሼህ ኸሚስ ሰጣቸውና "እስቲ ይሄንንም እንደኛው ስም ይጥሩት" አላቸው።

ሼህ ኸሚስ ጠሩ። "አሊ ሐቢብ!"

"አለሁ" ያለ የለም።

"አሊ ሐቢብ፣ ሠላሳ ቆርቆሮ ተረክቧል ይላል።"

"ሼህ ኸሚስ፣ አሊን ራስዎ አይደሉም እንዴ ያጠቡት?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጠሩ፤ ደግሞ ጠሩ። ሃያ ሁለቱ በቅሬው እጅ የተቀበሩ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ በሕይወት ቢኖሩም ቆርቆሮውን በዓይናቸው አላዩትም። ከሸራ ሥር የምታድረው ተሾመች ስሟ ሲጠራ ብድግ ብላ "እኔ ተረክቤ ነው ክረምቱን ሙሉ በራሴ ላይ ዝናብ የወረደብኝ?" ብላ ጮኸች። በሦስተኛው ቀን ከሐይቅ አልፎ አምባሰል ተራራ ላይ ያለው ሰው ሳይቀር ዝርዝሩን በቃሉ ይለው ነበር። ታዲያ ቆርቆሮው የት ገባ ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አልነበረም። የተጠየቀው ወረቀቱን ማን አወጣው የሚል ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የስህን ቀይ ምልክት ነበር፤ አቶ አብዱልሃሚድ ምስጢር አወጣ ተብሎ ታሰረ፣ ወንበሩን ባድሩ ያዘው።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ስትደርስ የአብዱልሃሚድን ሚስት ኑርሀያትን የምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛ ግንብ ሥር ቆማ አገኘቻት። ስህን ልታልፋት አሰበች። ማለፊያ መንገድ ግን አልነበረም።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ስህን።"

"ወአለይኩም ሰላም። እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ?"

"አልሐምዱሊላህ። አይዞሽ አትፍሪ። የጠየቁሽን መልሰሽ ውጪ። ከኛ ወገን የሚጠይቅሽ የለም።"

"እንዴት የለም? ጠበቃ አቁሞለት የለም እንዴ መንግሥት?"

ኑርሀያት ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ጠበቃውማ ሊጠይቅሽ ነበር። ቲተሩን፣ የላሙን፣ የሳሙናውን፣ ሁሉን ነገር ጽፎ ይዞ ነበር። አብዱ እምቢ አለው። 'እሷን አስገብቼ እኔ አልወጣም' ብሎ ድርቅ አለ። ወላሂ ሦስት ቀን ነው የተጨቃጨቅነው። እኔስ፣ ልጆችህስ አልኩት። 'አላህ ያውቃል' አለኝ።" ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። "አላህማ ማወቁን ያውቃል። ዳኛው ነው እንጂ የማያውቀው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳልነግርሽ አስምሎኝ። አሁንም ልወቅስሽ አይደለም እህቴ። ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው።"

ስህን ፊቷ ጋለ። መጀመሪያ ያፈረች መስሏት ነበር፤ ቆይታ ስታየው ግን ንዴት ነው። ማን ጠየቀው? ሰባት ወር ሙሉ "ምን ላድርግ፣ የመታሁትን መታሁ ነው የምል" እያለች እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው እሱ ራሱ ይናገራል ብላ ነው። የሚናገር አፍ ያለው፣ አስተማሪ የነበረ፣ ስብሰባ ላይ ማንም የማያቋርጠው ሰው አሁን ለእሷ ሲል ዝም ይላል!

የችሎቱ በር ላይ ግርግር ነበር። ቅሬው በሙሉ መጥቷል ማለት ይቻላል። ዘበኛው ሰዉን በክንዱ እየገፋ "ዝግ ችሎት ነው፣ ዝግ ችሎት ነው" ይላል።

"ለምንድን ነው የሚዘጋው?" አሉ ሼህ ኸሚስ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ።

"ሰነዱ ምስጢር ስለሆነ ነው አባባ። የውጭ ሰው እንዳይሰማ።"

"እኔ እኮ ነኝ ያነበብኩት! ምኑን ነው ከኔ የምትደብቁት?"

"ትዕዛዝ ነው አባባ።"

"ከመቶ አርባው መቶውን አሁን በቃሌ ልበልልህ?"

"ኧረ በአላህ እንዳይሉት!" አለ ዘበኛው ደንግጦ።

ስህን ብቻዋን ገባች። ክፍሉ ውስጥ ዳኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ገና ወጣት የሆነው ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቃውና አብዱልሃሚድ ነበሩ። አብዱልሃሚድ ከስቷል፤ ጺሙ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል። ሲያያት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላትና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ስህን ቀኝ እጇን አንስታ ማለች።

ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ ከካዝናው የወጣውን መመሪያ አነበበ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ጠርዝ በበግ የተበላ ይመስላል። "የምስጢር ምልክት ያረፈበት ማናቸውም ወረቀት፣ ይዘቱ ምንም ይሁን ምን፣ ምልክቱ በጽሑፍ እስካልተነሣ ድረስ እንደ ምስጢር ይጠበቃል።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ሽበታም፣ የደከማቸው የሚመስሉ ሰው ናቸው። "መጨረሻው ላይ ምን ይላል? እዚያ ከፊርማው በላይ?"

ዐቃቤ ሕጉ ጉሮሮውን ጠረገ። "'ኢትዮጵያ ትቅደም' ይላል፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"እና ይህ መመሪያ በሥራ ላይ ነው?"

"የሻረው አካል የለም። የወንጀል ሕጉም የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ያገኘውን ምስጢር ሲገልጥ ይቀጣል እንጂ ምስጢሩ ምን ያህል ያረጀ እንደሆነ አይጠይቅም።"

"ይቀጥሉ።"

ዐቃቤ ሕጉ ዝርዝሩን ከፖስታ አወጣና ለስህን ከሩቅ አሳያት። "ሰነድ 'ሀ'ን ያውቁታል? ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይናገሩ።"

"አውቀዋለሁ።"

"ያረፈበት ቀይ ምልክት የምን ምልክት ነው?"

"የምስጢር።"

"ማን መታው?"

"እኔ።"

"በሥራ ገበታዎ ላይ ሆነው?"

"አዎ።"

"ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

ዳኛው ወደ ጠበቃው ዞሩ። ጠበቃው አብዱልሃሚድን አየው፤ አብዱልሃሚድ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። "መስቀለኛ ጥያቄ የለንም" አለ ጠበቃው ከአፉ እየጎተተ።

"እናመሰግናለን፣ መሄድ ይችላሉ" አሏት ዳኛው።

ስህን አልተንቀሳቀሰችም። አራት ጥያቄ ተጠይቃ አራቱንም እውነቱን መልሳለች። ተደምሮ ሲታይ ግን እንደዚህ ያለ ውሸት በዕድሜዋ ተናግራ አታውቅም። ሰውየው በእሷ አራት ቃል ሊታሰር ነው። ባድሩ ትክክል ነው፣ በስድስት ሰዓት ቤቷ ትሆናለች።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ አልጨረስኩም።"

"ጨርሰዋል" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

"ምን ቀረዎት?" አሉ ዳኛው።

"ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ምልክት የከብት ክትባት ደብዳቤ ላይ መትቻለሁ። አንድ ዘበኛ ሊያገባ ነው፣ የእሱም ሠርግ ላይ መትቻለሁ። ከሐምሳ በላይ የሳሙና ጥያቄ ላይ መትቻለሁ። ገቢ የምመታበት ሌላ ቲተር ስለሌለኝ ነው። ዓመት ከመንፈቅ!"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ከጭብጡ ውጪ ነው" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

"ስህን፣ ተይ" አለ አብዱልሃሚድ። ከገባች ጀምሮ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ተከሳሽ ዝም ይበል" አሉ ዳኛው።

"አልተውም!" አለችው ስህን ዞራ። "አንተ ማን ነህና ነው ለኔ የምትታሰረው? ማን ለመነህ?" ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ተራመደች። ጸሐፊዋ ተቀብላ አቀበለቻቸው። "ይህ ለዛሬ የተጠራሁበት መጥሪያ ነው። በመሥሪያ ቤቴ በኩል ነው የደረሰኝ፤ እኔው ገቢ አድርጌ እኔው ተቀበልኩት። ፊርማው የእርስዎ አይደለም?"

"የኔ ነው።"

"ከፊርማው ጎን ያለውን ያንብቡልኝ።"

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት። "ጥብቅ ምስጢር" አሉ በቀስታ።

"እሱን ለባሌ አሳይቼዋለሁ። ጎረቤትም አይቶታል። በዚህ መመሪያ ከሄድን እኔም የመንግሥት ምስጢር አውጥቻለሁ። ያ ዝርዝር ምስጢር የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። መዝገቡን ያስመጡት፣ ገቢ የሆነው ሁሉ ቀይ ነው።"

"የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ያለ ኃላፊው ፈቃድ ሊቀርብ አይችልም" አለ ዐቃቤ ሕጉ። "እሱም ላይ የምስጢር ምልክት አለበት።"

ጠበቃው ሳቁን አፍኖ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ዳኛው ግን አልሳቁም። ጸሐፊዋን "ይህን ገና አትመዝግቢው" አሏትና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣመሩ።

"ወይዘሮ ስህን፣ በደንብ ያድምጡኝ። ሰው በራሱ ላይ ወንጀል የሚያመጣ ቃል እንዲሰጥ አይገደድም። አሁን ያሉት ከተመዘገበ ዐቃቤ ሕግ እርስዎንም ሊከስ ይችላል፤ እኔ ላግደው አልችልም። ካልተመዘገበ ደግሞ ለተከሳሹ አይጠቅመውም፤ ያልተመዘገበ ቃል ላይ ተመሥርቼ አልፈርድም። እስከ ስምንት ሰዓት ያስቡበት። ሳይመለሱ ቢቀሩ የጠዋቱ ቃልዎ ብቻ ይወሰዳል። ከተመለሱ ሁሉም ይጻፋል።"

ዐቃቤ ሕጉ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሸሚዙ እንኳ በእጅ የታጠበ መሆኑ ያስታውቃል።

"እትዬ፣ የደም ግፊት የለብዎትም?"

"የለብኝም።"

"ስኳርስ?"

"ምንም የለብኝም።"

"ጤና ጣቢያ ቢሄዱ የአንድ ቀን የሕመም ወረቀት አይነፍጉዎትም። እኔም አልጠይቅም። ከመጡ ግን ክሱን መጻፍ ግዴታዬ ነው። እኔ ሕጉን አልጻፍኩትም እኮ።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"አብዛኞቹ ሞተዋል።"

"ፈርመው የሞቱ ናቸዋ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ደግሞ ሞተው ፈረሙ" አለችው ስህን።

ዐቃቤ ሕጉ ሰዓቱን አየና ሄደ።

ግቢው ውስጥ ሳትወርድ ስልኳ ጮኸ። ባድሩ ነው። "የመዝገብ ቤቷ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ይዘሽው ሄድሽ? ኮሚቴ አቋቁሜ ቲተሩን ልረከብ ነው። ምን ስትይ እንደዋልሽ ሰምቻለሁ።"

"ከማን ሰማህ?"

"ምን አገባሽ።"

"ዝግ ችሎት ነበር እኮ ባድሩ። አሥር ደቂቃ አልሞላውም።"

ስልኩ ተዘጋ። ስህን በጥፊ የሚመታ ፊት ፈልጋ ዙሪያዋን አየች። የምታውቃቸው የቅሬው ሰዎች ከግንቡ ሥር ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ኑርሀያት ምሳ ዕቃዋን እንዳቀፈች ነው፤ ለአብዱልሃሚድ ገና አላስገቡላትም። ቀና ብላ ስህንን አየቻትና ምንም ሳትጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። ብትለምናት ይሻል ነበር።

ባሏ ወልዴ በር ላይ ቆሟል። ከሐይቁ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ዘበኛው እንዳያስገባው መረቡን ውጭ ትቶታል።

"አለቀ?" አላት።

ነገረችው። ቆመው ነው የነገረችው፤ አላሳጠረችም፤ አላሳመረችም። ወልዴ እየሰማ መሬቱን በጫማው ጫፍ ይቆፍራል።

"ስንት ዓመት ነው?" አላት ስትጨርስ።

"ለኔ? አላውቅም። ሥራውማ ዛሬውኑ ይቀራል።"

"ለእሱስ?"

"አምስት ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"በዚያ ወረቀት?"

"በዚያ ወረቀት።"

አስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ረዳት "ወልድያ፣ ወልድያ" እያለ ይጮኻል። "ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው" አለ ወልዴ። "ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? እናታችሁ የላም ክትባት ላይ ምስጢር መታች ልበል?" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "እንሂድ ስህን። ቤት እንግባ። ምሳ ብዪና ታስቢያለሽ። ሰውየው ራሱ ተይ ብሎሽ የለም?"

"ብሎኛል።"

"እና?"

ስህን መልሱን በቃል ለማስተካከል ሞከረች። እስከ ጡረታ የቀራትን ዓመት አሰበች፤ የደሴውን የቤት ኪራይ፣ የልጆቹን ፊት አሰበች። ፈራች። እግሯ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር፣ ራሷም አየችው። ከዚያ እጇን አንስታ የግራ ጆሮ ጌጧን መፍታት ጀመረች። መንጠቆው ተቀረቀረባትና በንዴት ጎተተችው። ሁለተኛውንም ፈታች። የአንገት ሐብሏን፣ ስልኳን፣ የቤቱን ቁልፍ ጨምራ በወልዴ እርጥብ መዳፍ ላይ አደረገችው። የመሳቢያውን ቁልፍ ብቻ አስቀረችና መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችው።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አላት ወልዴ።

"ጣቢያ ሲያስገቡ ይወስዱታል ይባላል። ከሚጠፋ አንተ ጋ ይሁን።" ነጠላዋን አስተካከለች። "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልመጣሁ ጋቢ አምጣልኝ። አዲሱን አይደለም፣ አሮጌውን።"

ወልዴ የጆሮ ጌጦቹን በመሃረቡ ቋጠራቸው።